ዝንጅብሉን አፍሉ፤ ትንፋሹንም ቁጠሩ

ክረምት ሲገባ በየቤቱ ሳል ይሰማል፤ ከሳሉ ጋር ደግሞ የሙቀጫ ድምፅ። ዝንጅብል ይወቀጣል፣ በራድ ይጣዳል፣ ማር ያለው ማሩን ያወጣል። ዛሬ የምንጨዋወተው ስለዚሁ ስለ ዝንጅብል ሻይ ነው። አፈላሉን እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ባለፈው ክረምት እኛ ቤት የደረሰውን ላጫውታችሁ።

የእህቴ ልጅ ያኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ሳል ጀመረው፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ማታ ማታም ያተኩሰው ገባ። እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችው። ጠዋትና ማታ ደግሞ ዝንጅብል በማር ታጠጣዋለች። እውነት ለመናገር ሻዩ ይረዳው ነበር፤ ከጠጣ በኋላ ሳሉ ጋብ ይልለትና እንቅልፍ ይወስደዋል። እኛም "ተሻለው" እያልን ሁለት ቀን ቆየን።

በሦስተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለ። የዚያን ዕለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነች ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጣች። ልጁን ገና ስታየው ስኒዋን አስቀመጠች።

"እማማ፣ እስቲ ልብሱን ወደ ላይ ይግለጡልኝ" አለች። ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን እያየች፣ ደረቱና ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። 54 ጊዜ ተነፈሰ።

"ይሄ ጉንፋን ብቻ አይመስለኝም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።"

ሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። የታዘዘለትን መድኃኒት ጀመረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳቦ እየጠየቀ ግቢው ውስጥ ይሮጥ ነበር። እናቴን ግን አንድ ነገር ከንክኗት ስለነበር ጎረቤታችንን ጠየቀቻት።

"ልጄ፣ ዝንጅብሉ ጎድቶት ይሆን?"

"ኧረ አልጎዳውም እማማ። ጉሮሮውን አለስልሶለታል። ሳንባው ውስጥ የገባውን ጀርም ግን ሻይ አይገድለውም።"

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሻዩም አልቀረም፣ ቆጠራውም አልቀረም። ሁለቱንም ላካፍላችሁ።

አፈላሉ

ገበያ ስትወጡ ጠንከር፣ ከበድ ያለውን፣ ቆዳው ያልተጨማደደውንና ሻጋታ የሌለበትን ዝንጅብል ምረጡ። ለሁለት ኩባያ ሻይ የአውራ ጣት ያህል እርጥብ ዝንጅብል ይበቃል። በደንብ እጠቡት፣ ልጣጩን በማንኪያ ጫፍ ፋቁት፣ ከዚያ በስሱ ክተፉት ወይም ሙቀጫ ውስጥ ጨፍልቁት። ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ ጨምራችሁ ጣዱት። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ትንሽ ብታቆዩት ጣዕሙ ይበልጥ ይወጣል።

አጥልላችሁ ቅዱትና ለመጠጣት እስኪመች ሲበርድ ማርና ሎሚ ጨምሩበት። ቀረፋ ወይም ቅርንፉድ የሚወድ ከዝንጅብሉ ጋር ያፍላው። ሻይ ቅጠል ግን የግድ አይደለም፤ በተለይ ማታ ባይገባበት ለእንቅልፍ ይሻላል።

እርጥብ ካጣችሁ የደረቀውም ይሆናል፤ ለአንድ ኩባያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በቂ ነው። ዝንጅብል ሲደርቅ የሚያቃጥለው ነገር ይበልጥ ስለሚበረታ እጃችሁን ቆጠብ አድርጉ። ከተቻለ ሳይፈጭ ገዝታችሁ ቤት ውቀጡት፤ ምን እንደተቀላቀለበት አትጠራጠሩም።

ማን ይጠንቀቅ?

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ ጠብታም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም የሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ሊፈጥር ይችላል። ስድስት ወር ያልሞላው ደግሞ ከእናት ጡት ሌላ ሻይም ሆነ ውሃ አያስፈልገውም። ከዓመት በላይ ለሆኑት ቀጠን ያለና ለብ ያለ ይሁን።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ቃር የሚያስቸግረውን ሰው ሻዩ ሊያብስበት ይችላል። ለነፍሰ ጡር ጥቂት ዝንጅብል የማለዳ ማቅለሽለሽን ያስታግሳል፤ መጠኑን ግን በክትትሏ ጊዜ ብታማክር ደግ ነው።

ቆጠራው

ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ረጋ ብሎ ሳለ፣ ልብሱን ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ደረቱ አንዴ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗልና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቁጥሩ ባይደርስም እንኳ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከወትሮው በተለየ ከደነዘዘ ሻዩ እስኪፈላ አትጠብቁ።

ለአዋቂዎችም አንድ ቃል፦ ሁለት ሳምንት እና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በዝንጅብል አይሸፋፈንም። የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና።

እናቴ ዘንድሮም ዝንጅብሏን ትወቅጣለች። ባለፈው እሑድ ልጁ ሲያስል ሰማችና እንደ ልማዷ በራዱን ጣደች። ኩባያውን ከመስጠቷ በፊት ግን ልብሱን ገልጣ ጠራችኝ።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ ሰዓቱን ያዢልኝ፤ እኔ ልቁጠር።"

28 ነበር። ሻዩን ጠጥቶ ተኛ።

ሳምንት ሰው ይበለን።