መድኃኒቱን የደበቀስ?

የዛሬውን ደብዳቤ ሳነብ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማኪያቶዬ ፊቴ ቀዘቀዘ። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«አባዬ የደም ግፊት አለበት። ኢናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን መውሰድ ከጀመረ ቆይቷል። ጉልበቱን ሲያመው እኔው ራሴ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝቼ ሰጠሁት። ‹ተባረኪ፣ ለቀቀኝ› ሲለኝ ደስ ብሎኝ ደገምኩለት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋጠ። ከዚያ ተቅማጥና ትኩሳት ያዘው፣ ሳንባውም ታመመ። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ሐኪሟ ‹ኩላሊቱ እየደከመ ነው፣ ቤት ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ነበር?› ስትለን ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። ‹የግፊቱን ብቻ› አልኩ። ወንድሜ ካወቀ ዓይንሽ ላፈር ነው የሚለኝ። አባቴን እኔ ነኝ የጎዳሁት? ልናገር ወይስ ልተወው?»

ይሄ እንግዲህ ጋዜጣ እስኪወጣ የሚጠበቅ ጥያቄ አይደለም። ስልኳን ጽፋ ስለነበር የዚያኑ ዕለት ማታ ደወልኩላትና «እህቴ፣ አሁኑኑ ሄደሽ ንገሪያት» አልኳት። ለምን እንደሆነ ደግሞ ለሁላችሁም ልንገራችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪም የሆነ ወዳጄን ይዤ ነው ያስረዳኝ።

ኩላሊትን ደም የሚያጣራ ወንፊት ነው በሉት። ወደ ወንፊቱ ደም የሚያስገባ ቧንቧ አለ፣ የሚያስወጣም አለ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መግቢያውን ያጠባሉ። ኢናላፕሪል መውጫውን ያሰፋል። የሚያሸናው ክኒን ከሰውነት ውሃ ይቀንሳል፤ ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። እያንዳንዱ ለብቻው ብዙ ሰው የጠቀመ መድኃኒት ነው። ሦስቱ ባንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ግን ወንፊቱ የሚሠራበትን ግፊት ሊያጣ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ኩላሊት እንደ ጥርስ አይጮህም። ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ነው የሚደክመው።

«ታዲያ አንዴ ከተዋጠ ወዲያ መናገሩ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ኢንፌክሽኑን ለማጥፋት እንደ ጄንታማይሲንና ቫንኮማይሲን ያሉ መርፌዎች ይሰጣሉ። ሕይወት ያድናሉ፤ ግን ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊቱ ከደከመ ደም ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ተጠራቅመውም መልሰው እሱኑ ይጎዱታል። ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ መጠኑን ይቀንሳል፣ ሰዓቱን ያራርቃል፣ ወይም ሌላ ይመርጣል። ካላወቀ ግን በጨለማ ነው የሚሠራው።

አልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት አይታችሁታል? ነርሷ ዝም ብላ አይደለም የምትለካው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ6 ሰዓት ያህል፣ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ማለትም ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ሽንት ካወጣ ኩላሊቱ ተነክቷል ማለት ነው። ደሙም ክሬአቲኒን ለሚባለው ነገር ይመረመራል፤ እሱ ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ ወንፊቱ በደንብ እየሠራ አይደለም ማለት ነው።

«እኔ ነኝ የጎዳሁት?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ኢንፌክሽኑ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት መውረድም ይጎዳል። የቱ ምን ያህል እንደጎዳ ለሐኪምም መለየት ይከብደዋል። ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ፤ እንዲህ በድንገት የተጎዳ ኩላሊት ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። አንዳንዱ እስኪያገግም እጥበት ያስፈልገዋል፣ ሙሉ በሙሉ የማይመለስም አለ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ያለው።

እናንተስ? ሰው ታሞባችሁ ሆስፒታል ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ባዶ ማሸጊያውን ሳይቀር፣ በፌስታል ሰብስባችሁ ውሰዱ። አክስት ከአሜሪካ የላከችው አድቪልም አይቡፕሮፌን ነውና ይግባ። ሰፈር ክሊኒክ የተወጋው መርፌ፣ የተጠጣው የባህል መድኃኒትም ይነገር። ስንት ፍሬ፣ ለስንት ቀን፣ መጨረሻ የተወሰደው መቼ እንደሆነ ተናገሩ። ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ማስታገሻ ከመግዛታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን «እነዚህን ይወስዳል፣ ይስማማዋል ወይ?» በሉት። የግፊቱን ክኒን ግን በገዛ እጃችሁ እንዳታስቆሙ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ሐኪም ጠይቁ።

ልጅቷ በማግስቱ ነገረቻት። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ቻርቱ ላይ ጻፈችው፣ የመርፌውን መጠን እንደገና አሰላችው፣ «እንኳን ነገርሽኝ» አለቻት። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አባቷ ገና አልወጡም፤ ሽንታቸው ግን መጨመር ጀምሯል። ለወንድሟ ገና አልነገረችውም።

እና አንተ ወንድም፣ ይህን ጽሑፍ አንብበህ ነገሩ ከገባህ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ችሎት አይቆምም። እህትህ ክኒኑን የገዛችው አባቷ ቀጥ ብሎ እንዲሄድላት ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መድኃኒቱን የደበቀስ? እሱን እናንተ ጨርሱት። ሳምንት ሰው ይበለን!