አሮጌ ላፕቶፕና የኪራይ ጨዋታ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ፣ በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ባሉ ቤቶቻችን ደህና የሚሠሩ ላፕቶፖች የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ስላላሟሉ ብቻ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። ከእነዚህ ጥቂቱ በሻንጣ ተሸክፎ አገር ቤት ላለ ዘመድ ይደርሳል። ስለዚህ «አሮጌውን ማሽን እንደ አዲስ የሚያሠራ አገልግሎት» ሲባል ጉዳዩ የጨዋታ ወዳጆች ብቻ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጨዋታው የሚካሄደው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ ቤት ያለው ኮምፒውተር ቪዲዮውን ተቀብሎ ያሳያል፣ የጣትን ትእዛዝ መልሶ ይልካል። ጋርላንድ ውስጥ በ2013 በተገዛ ላፕቶፕ የኤንቪዲያን ጂፎርስ ናው ሞከርሁት፤ ማሽኑ በራሱ አቅም ሊከፍተው የማይችለውን ጨዋታ ያለ እንከን አሳየኝ። ምስጋናው ግን የላፕቶፑ አይደለም። ከአገልግሎቱ የመረጃ ማዕከላት አንዱ የሚገኘው እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ ነው።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ ይበልጣል፤ በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ ይህ የሦስት ምስል መዘግየት ነው። ገመዱም በቀጥታ አይሄድም፤ የባሕር በር የሌላት አገር መስመር በጎረቤት ዞሮ ነው የሚወጣው። የማሽን ዋጋ ሊረክስ ይችላል፣ የርቀት ዋጋ ግን አይረክስም። በዚያ ላይ 15 ሜጋቢት በሰከንድ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የምስል ጥራት በሰዓት ወደ 6.75 ጊጋባይት ይበላል። የኢንተርኔት ጥቅል እየቆጠረ ለሚገዛ ወጣት ይህን «ርካሽ አማራጭ» ማለት ስላቅ ይመስለኛል።

የባለቤትነቱ ጥያቄም አለ። የጉግል ስቴዲያ በኖቬምበር 2019 ተጀምሮ ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ተዘጋ። ኩባንያው የጨዋታዎቹን ገንዘብ መለሰ፤ መልካም አደረገ፣ ግን የሚያስገድደው ውል አልነበረም። የኤክስቦክስ ጌም ፓስ አልቲሜት ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ በኦክቶበር 2025 ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ዘለለ። ካሊፎርኒያ ከ2025 መባቻ ጀምሮ ዲጂታል ሸቀጥ የሚሸጡ ድርጅቶች ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን እንዲገልጹ በሕግ አስገድዳለች። እኛ በካርዳችን ዝም ብለን የምንከፍለው ይህ ኪራይ፣ የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሌላ መልክ አለው።

«ጨዋታ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጨዋታ ግን የመረብን ብርታት የሚፈትን ከባድ ሚዛን ነው፤ በዚያው ሞዴል የተሠሩ የትምህርትና የቢሮ ሶፍትዌሮች ለአገር ቤት ተቋማት ሲቀርቡ፣ አማካሪ ሆነን የምንጠራው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ያኔ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መስመሩ ሲቋረጥ ተጠቃሚው እጅ ላይ ምን እንደሚቀር ነው። የቀኔ ጌምስ «ኩኩሉ»፣ ያቺ ከመታረድ የምታመልጠው ዶሮ፣ የምትሮጠው እዚያው ስልኩ ላይ ነው፤ ለኢትዮጵያ ሁኔታ የሚስማማው ንድፍ ከዚህኛው ወገን ይመስለኛል።

ላፕቶፑን ወደ ሻንጣ የሚከት ሰውም ሊኑክስ ቢጭንበት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ዊኪፔዲያ በኪዊክስ ቢጨምርበት ከአንድ ምሽት በላይ አይፈጅበትም።