ቡፌ ላይ የማይወጣ አውሮፕላን

«ልጁ አውሮፕላን አምጡልኝ ብሏል» አለኝ ወዳጄ። ሙቀቱ ጋብ ሲል የኦሞራቴ ሰው ወንበሩን ደጅ በሚያወጣበት ሰዓት ነው። «የባለቤቴ እህት ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው። የሚገጣጠመውን ዓይነት ላምጣለት ወይ ትላለች። ምን ልበላት?»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት ሊሞላው ነው። ጂንካ አያቱ ጋ ሄዶ ኪው 400 አውሮፕላን ባኮ አየር ማረፊያ ላይ ሲያርፍ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።»

እኔ ደግሞ ጂንካ ሲባል ትዝ የሚለኝ የድሮው ማረፊያ ነው። መሀል ከተማ የተዘረጋ ሣር፤ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። የዚያን ዘመን የጂንካ ልጅ አውሮፕላን እንዲህ በቅርብ ነበር የሚያየው። ይሁን፣ ወደ ነገራችን።

ወዳጄ ስልኩን ዘረጋልኝ። ሴትየዋ የላከችው ፎቶ የድሪምላይነር ሞዴል ነው፤ በ1 ለ 144 መጠን፣ ቁርጥራጩ ብዙ፣ ማጣበቂያና ቀለም ለብቻው የሚገዛለት።

«ይሄ ለአንተ ነው እንጂ ለልጁ አይደለም» አልኩት። «የምትገጣጥመው አንተ ነህ። እሱ አጠገብህ ቆሞ ‹አትንካ› እየተባለ ያመሻል። ሲያልቅ ደግሞ ቡፌ ላይ ይወጣል። አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነር ከተረከበ ወዲህ ስንት ቤት መስታወት ውስጥ ቆሞ አየሁ! አንዱንም ልጅ ሲጫወትበት አላየሁም።»

«በሪሞት የሚበረውስ?»

«እሱማ ይቅርብህ። ለስድስት ዓመት ልጅ ፈጣን ነው፣ ባትሪውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሜራ ያለው ከሆነማ ድሮን ነው፤ ለማስገባት የኢንሳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኬንያ ድንበር አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ስትለቅ ማን ‹የልጅ ነው› ብሎ ያምንሃል?»

ሳቀ። «እና ምን ታምጣ?»

«በእጅ ተወርውሮ የሚንሳፈፍ የፎም አውሮፕላን።»

«ፎም? ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን? ለእሱ ውቅያኖስ ታቋርጥ?»

«ዘመዱ ነው፤ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ቢታጠፍ የሚመለስ ዓይነት አለ። ክንፍ፣ ጭራ፣ ግንድ፤ ስንጥቁ ውስጥ ገፋ አድርጎ መሰካት ነው፣ ማጣበቂያ የለው። ልጁ ራሱ ይገጥመዋል። የአንተ ሥራ ሁለት ጣትህን በሁለቱ ክንፎች ሥር አድርገህ ማንሳት ብቻ ነው። የክንፉን ወርድ ለሦስት ብትከፍለው፣ ጣትህ ከፊት አንድ ሦስተኛው አካባቢ ይረፍ። ጭራው ወደ ታች ካዘነበለ ከፊት ክብደት ጎድሎታል ማለት ነው።»

«ክብደቱን ከየት አመጣለሁ?»

«አግራፍ፣ ሳንቲም። ካጣህ የኦሞን ጭቃ በፕላስተር ጠቅልለህ አፍንጫው ላይ ለጥፍ። ከዚያ ለልጁ ስጠው። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ሽቅብ ይወረውረዋል። ሽቅብ ሄዶ ቆም ይልና በአፍንጫው ይተከላል። አትቆጣው። አግድም ገፋ አድርጎ መልቀቅን ሁለት ሦስቴ አሳየውና ዞር በል። አሁንም ቀና እያለ ከወደቀ ከፊቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ቶሎ ከተደፋ ይቀንሳል፣ ወይ የጭራውን የኋላ ጠርዝ በጥቂቱ ወደ ላይ ያጥፈዋል። በገዛ እጁ ያጠፋት ያቺ ጠርዝ በረራውን ስትለውጥ ባየ ጊዜ ነው አውሮፕላን የተገዛለት። ድሪምላይነሩ ይህን አይሰጠውም፤ ቢነካውም ባይነካውም ያው ነው።»

«ቢሰበርስ?»

«ይሰበራላ! የራይት ወንድማማቾች አባት እ.ኤ.አ. በ1878 ከመንገድ ሲመለስ ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ ሽቅብ የሚነሳ መጫወቻ ይዞ ገባ። ሐሳቡ የፈረንሳዊው የአልፎንስ ፔኖ ነው። ዊልበር 11፣ ኦርቪል 7 ዓመታቸው ነበር። እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ሲሰበር ራሳቸው ሌላ ሠሩ። አባትየው ቡፌ ላይ ቢሰቅለው ኖሮ እንጃ! የአንተም ልጅ ሰባት ስምንት ሲሞላው ባለ ላስቲኩን ትገዛለታለህ። ስትጠግን ግን ሱፐር ግሉ ነጩን ፎም ይበላዋል፤ የእንጨት ኮላ ይሻልሃል።»

«የኛ አገር አውሮፕላን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«ፀሐይ አለች አይደል! በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት የተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዶ በጥር 2016 ዓ.ም. የመለሳት። ልጁ ፊደል እየቆጠረ ከሆነ ስሟን ክንፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍበት።»

«የት ያብርረው?»

«ከወንዙ ዳር ርቆ። ልጅ አውሮፕላን ተከትሎ ሲሮጥ የሚረግጠውን አያይም፤ ኦሞ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ። ቅጠል የማይነቃነቅበትን ሰዓት ምረጥ፤ ይሄ የቱርካና ነፋስ ለፎም አይራራም። ኬንያዎች ሎያንጋላኒ አካባቢ 365 የነፋስ ተርባይን የተከሉት ያለ ነገር መሰለህ? አክስቱ እስክትመጣ ድረስ ደግሞ የማሽላ አገዳ ላጥለት። ነጩ ልቡ ከፎም ብዙ አይከብድም፤ እሾህ ሰክቶ ከእሱ መኪና የሚሠራ ልጅ አይጠፋም፣ ክንፍ ማበጀቱንም ያሳየዋል።»

«በቃ፣ ስንት ታምጣ ልበላት?»

«ሦስት።»

«ለአንድ ልጅ?»

«አንዱ የእሱ ነው። አንዱ ለጎረቤት ልጆች፤ አለዚያ ለእሱም ፋታ አይሰጡት።»

«ሦስተኛውስ?»

«ለአንተ ነዋ፤ ከልጁ እጅ እንዳትነጥቅ።»