ማጣሪያው ያልያዘው ሻርክ

በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም 4.5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ ግዙፍ ገንዳ አለ። ቱናው፣ ሳርዲኑ፣ ሻርኩና የባሕር ኤሊው ለተንከባካቢዎቹ የተቆጠሩ ናቸው። ተመራማሪዎች ከዚህ ገንዳ ውኃ ቀድተው፣ እንስሳቱን ሳያዩ፣ ውኃው ውስጥ በተበተነው ዲኤንኤ ብቻ ሊለዩዋቸው ሞከሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። አጥንታም ዓሦቹ በአብዛኛው ታወቁ። ለእንስሳቱ በምግብነት የሚሰጠው መንሃደን የተባለው ዓሣ እንኳ አሻራው ተገኘ። በገንዳው ውስጥ የሚዋኙት ሻርኮችና የባሕር ኤሊው ግን በውጤቱ ውስጥ አልነበሩም።

ይህን የማነሳው ዘዴውን ለማጣጣል አይደለም፤ እኔን ከሚያስደንቁኝ የዘመናችን ሥራዎች አንዱ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ከቆዳው፣ ከዝልግልግ ፈሳሹ፣ ከዐይነ ምድሩ ሕዋሳት ይጥላል። ውኃው ተጣርቶ ማጣሪያው ላይ የቀረው ዲኤንኤ ይወጣል፤ የተፈለገው ቁራጭ ተባዝቶ ይነበባል፤ ከዚያም ቀድሞ ከተመዘገቡ ዝርያዎች ጋር ይመሳከራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኒው ካሌዶኒያ ጥናት በዚህ መንገድ ከተወሰዱ 22 ናሙናዎች ያገኛቸው የሻርክ ዝርያዎች፣ ጠላቂዎች በ2,758 ቅኝት፣ ካሜራዎችም በ385 ቀረጻ ካዩዋቸው በ44 በመቶ ይበልጡ ነበር። ያውም መረብ ሳይጣል፣ አንድ ሻርክ ሳይነካ።

ታዲያ ሞንተሬይ ላይ የጠፋው ሻርክ ኒው ካሌዶኒያ ላይ እንዴት ተገኘ? ዋናው ምሥጢር ፕራይመር በሚባለው፣ ዲኤንኤውን ለማባዛት መነሻ በሚሆነው አጭር ቁራጭ ላይ ነው። ለአጥንታም ዓሣ የተበጀ ፕራይመር ሻርኩን አልፎት ይሄዳል። ፕራይመሩ ቢገጥም እንኳ ዝርያው ማመሳከሪያው ውስጥ ካልተመዘገበ የተነበበው ፊደል ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ የባሕር ውኃ ዲኤንኤን በቀናት ውስጥ ያፈራርሰዋል፤ ማዕበልና ሞገድም ከተጣለበት ያርቀዋል።

አሁን ይህን ማንሳት ያስፈለገኝ በምክንያት ነው። ከአገሮች ግዛት ውጭ ላለው ባሕር የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጃንዋሪ 2026 ሥራ ላይ ውሏል፤ ባሕሩን ክፉኛ ሊጎዱ ለሚችሉ ሥራዎችም አስቀድሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዝዛል። አንድ ጠርሙስ ውኃ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ የግምገማው መደበኛ መሣሪያ መሆኑ አይቀርም፤ ቢሆን እኔም እወዳለሁ። የምፈራው «አልተገኘም» የሚለው ቃል በፋይሉ ላይ «የለም» ተብሎ እንዳይነበብ ነው። ሻርክ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ጥቂት የሚወልድ ፍጥረት ነው፤ አንዴ በስህተት የለም ከተባለና ከተጨፈጨፈ በኋላ ማረሚያ አይኖረውም።

ስለዚህ ሪፖርቱ የትኛው ፕራይመር እንደተሠራበት፣ ከአካባቢው ዝርያዎች ስንቶቹ በማመሳከሪያው እንዳሉ፣ ውኃው መቼና ስንት ጊዜ እንደተቀዳ በግልጽ ይጻፍበት። ሻርክ መኖሩ በተረጋገጠበት ውኃ ላይ ተሞክሮ ሻርክ ያላገኘ ዘዴ ይዞ ለሚመጣ አመልካችም ፈቃድ ሰጪው ማኅተሙን አያሳርፍ።