ለመክሳት መጾም፦ ገና ለሚያድግ ሰውነት አይሆንም

ነቀምቴ ውስጥ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም። ጥቂት ብር ከፍሎ መውጣት፣ ቁጥሩን አይቶ መውረድ ነው። እንበልና አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አምና 46 ኪሎ ነበረች፣ ዘንድሮ 51 ሆናለች። ደነገጠች። ማታ ስልኳን ስትከፍት ቲክቶክ መልሱን ይዞ ጠበቃት፤ «16 ሰዓት ጹሚ፣ በቀሪው 8 ሰዓት ብይ፣ በቃ ትከሻለሽ»። በማግሥቱ ቁርስ ቀረ። ሚዛኑ ያልነገራት ነገር ግን አለ፤ በዚያው ዓመት ቁመቷም ጨምሯል።

ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ ይህ ምክር በየስልካችን እየገባ ነው። ስለዚህ በግልጽ እንናገር፦ ያለ ሐኪም ክትትል ለመክሳት ብሎ መጾም ለታዳጊ ልጅ ደህና መንገድ አይደለም።

ለምን? ሰው በአዋቂነቱ ከሚኖረው ክብደት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን የሚያገኘው በጉርምስና ዓመታት ነው። አጥንት የሚጠነክረው፣ ጡንቻ የሚገነባው፣ የሴት ልጅ ዳሌ የሚሰፋው በዚሁ ጊዜ ነው። ይህ ውፍረት ሳይሆን እድገት ነው። ሰውነት ለብዙ ሰዓት ምግብ ሲያጣ ደግሞ የሚያቃጥለው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻንም ይነካል። የወር አበባ የምታይ ልጅ በየወሩ ብረት ታጣለች፤ የምትተካው ከምግብ ነው። ምግቡ ሲቀር ማዞር፣ ድካም፣ ክፍል ውስጥ መፍዘዝ ይመጣል። ሲብስ የወር አበባ ራሱ ይቋረጣል። በዚያ ዕድሜ ያልተገነባ አጥንት ደግሞ በኋላ ለማካካስ ይከብዳል።

ስልክ ላይ ያሉት የክብደት ማስሊያዎችም ያሳስታሉ። ብዙዎቹ ቁመትና ኪሎ ብቻ ጠይቀው በአዋቂ መለኪያ ይፈርዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ዕድሜንና ፆታን የሚያይ የተለየ መለኪያ አለው። የመንገድ ዳሩ ሚዛንም ሆነ አፑ ይህን አያውቅም።

አገራችን ውስጥ ያለውን እውነታም እንየው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ናቸው። ወለጋ ውስጥ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ግጭት ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ቁርስ ሳይበላ የሚማረው ወዶ ያልሆነ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እና የብዙዎቻችን ችግር የትኛው ነው? ትርፍ ወይስ ጉድለት?

«እኛ እኮ ድሮም እንጾማለን» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ኦርቶዶክሱ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፣ ሙስሊሙ ረመዳንን፣ ጴንጤውም የጾም ጸሎት ይይዛል። ይህ ጽሑፍ ከእምነት ጾም ጋር ጠብ የለውም። የእምነት ጾም ዓላማው ኪሎ መቀነስ አይደለም፤ መፈሰኪያም፣ መፍቻም አለው። ርኅራኄም አለው፤ ሙስሊም ሕመምተኛ በሌላ ቀን ያካክሳል፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ አይገደድም፤ ኦርቶዶክሱም የንስሐ አባቱን ማማከር ይችላል። የቲክቶኩ ጾም ይህ ሁሉ የለውም። ሚዛኑ በቀነሰ ቁጥር «ትንሽ ጨምሪ» ነው የሚለው።

የሚያሰጋው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። «ጾም ነኝ» ያለች ልጅን እናት «ለምን አልበላሽም?» ብላ አትጠይቃትም፤ እንዲያውም ትኮራባታለች። ጾሙ ከተፈታ በኋላም ሰበብ እየፈለገች ማዕድ ስትሸሽ ግን ነገሩ ጾም መሆኑ ቀርቷል። ያኔ ዝም ማለት አይገባም።

ሌላው ወገን ያለውንም እንስማ። አውስትራሊያ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 141 ታዳጊዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን ምግባቸውን በጣም ቀነሱ፣ ሌሎቹ በየቀኑ በመጠኑ ቀነሱ። ሁለቱም ቡድኖች ለውጥ አሳዩ፤ አንዱ ከሌላው አልበለጠም። ልብ በሉ፦ እነዚህ ልጆች በትክክል ተለክተው፣ ውፍረታቸው የጤና ችግር መሆኑ ተረጋግጦ፣ የባለሙያ ክትትል ተደርጎላቸው ነው። መኝታ ቤት ተደብቆ ከሚደረገው ጋር አይገናኝም። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ደግሞ ከ2,500 በላይ ታዳጊዎችን ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በራሳቸው ዳይት የያዙት ልጆች ካልያዙት ይልቅ በኋላ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የራበው ሰው ማታ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ክብደቱ በእርግጥ ያስጨነቀው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቁመቱንና ክብደቱን በዕድሜው ልክ ያስለካ። ችግር ካለ ከምግብ ሰዓት በፊት የሚቀነሱ ነገሮች አሉ። አንድ ጠርሙስ ኮካ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ቦምቦሊኖውና ቺፕሱም አለ። በእግር መሄድ፣ ኳስ መጫወት፣ ስልኩን ዘግቶ በጊዜ መተኛት ገንዘብ አያስወጣም። የወለጋ ጓዳም ደሃ አይደለም፤ በካልሲየም የበለጸገ አንጮቴ አለን፣ ኑግ አለን፣ ምስርና ጎመን አለን። በእምነት የምትጾሙም ስትፈቱ እነዚህን ጥገብ አድርጋችሁ ብሉ። ስኳር በሽታ ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ለወላጆችና ለጓደኞችም አንድ ቃል። «ወፈርሽ እኮ!» ድሮ ምስጋና ነበር፤ ዛሬ ለአንዲት ልጅ የሳምንት ጭንቀት ሊሆን ይችላል። «ሲምቢሮ» እያሉ በቀጭን ልጅ መቀለድም ያው ነው። ሰላምታችን ከሰው ገላ ይውረድ። ልጃችሁ ማዕድ መሸሽ፣ ከበላች በኋላ ማስመለስ፣ ደጋግማ መመዘን ከጀመረች አትቆጧት፤ አብራችኋት ቁጭ ብላችሁ ብሉ፣ ከዚያ አብራችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወንዶቹንም አትርሱ፤ ለጡንቻ ብሎ የሚራብ ልጅም አለ።

ያቺ 5 ኪሎ የጨመረች ተማሪ ምናልባት ምንም ችግር የለባትም። እያደገች ነው። ነገ ጠዋት ቁርሷን በልታ ትምህርት ቤት ትሂድ።