የአንድ ቤት መጽሐፍ

«ሙያ ከመጽሐፍ አይገኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም። ከህንድ የቤት ምግብ የማውቀውን ሁሉ ማለት ይቻላል ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። የምከራከረው ሌላ ነገር ላይ ነው፤ ከየትኛው መጽሐፍ?

ለሁለተኛ ዲግሪ ቼናይ እንደገባሁ፣ በመጀመሪያው ወር ወፍራም የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ ገዛሁ። ከካሽሚር እስከ ኬረላ ያለውን ሁሉ አስተምራለሁ የሚል፣ ፎቶው የሚያብረቀርቅ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ሰባት ስምንት ዓይነት ሠራሁ፤ የሁሉም ጣዕም አንድ ሆነብኝ። ግማሹ ጥፋት የእጄ ነው። እኔ በቁሌት ያደግሁ ነኝ፤ ሽንኩርት ድስት ውስጥ ካልገባ ምግብ መሥራት የጀመርኩ አይመስለኝም። መጽሐፉ ደግሞ ይህንኑ አመሌን አበረታታው። አብዛኛው ገጽ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ጀምሮ ጋራም ማሳላ በሚባለው የቅመም ድብልቅ ያበቃል። ስሙ ይቀያየራል እንጂ ወጡ አንድ ነበር።

«የህንድ ምግብ» የሚለው ርዕስ ራሱ ያሳስታል። ዘይቱን ብቻ እንይ። የቤንጋል ቤት በሰናፍጭ ዘይት ያበስላል፣ የኬረላው በኮኮናት፣ የታሚሉ በሰሊጥ፤ ፑንጃብ ውስጥ ንጥር ቅቤ ክብር አለው። ጉጃራት ክኩ ወጥ ውስጥ ጃገሪ፣ ማለትም ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ይጨምራል። ይህን ሁሉ በአንድ ጥራዝ ላስተምር ያለ ሰው አንዱንም ቤት በደንብ ሳያሳይ ያልፋል።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ታች ነበሩ የሚኖሩት። እንደ ሰፈሩ ሰው ማሚ እላቸው ነበር። በታሚል ብራህሚን ቤቶች ለትልቅ ሴት የሚባል ነው፣ እንደ አክስት፤ እኔ ግን በጠራኋቸው ቁጥር እናቴን የጠራሁ ይመስለኝ ነበር። በእሳቸው ቤት በልማዳቸው ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባም። አንድ ማታ ደረጃውን ወጥተው መጡና ልባሱ የወየበ መጽሐፍ ሰጡኝ፤ የኤስ. ሚናክሺ አማል «ሳማይቱ ፓር» የእንግሊዝኛው እትም ነበር። ርዕሱ በአማርኛ «አብስለሽ እዪ» እንደማለት ነው። በታሚል ቋንቋ መጀመሪያ የታተመው በ1951 እ.ኤ.አ. ማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ ውስጥ ነው፤ እስከ ዛሬም ለሙሽራ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ዘመዶቻቸው እየጠየቁ ሲጽፉላቸው የኖሩትን ነው ወደ መጽሐፍ የለወጡት። ፎቶ የለውም። ድንብላሉን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ክኩን ግን ይሰፍራል።

ራሳም ከሚባለው ቀጭን ሾርባ ጀመርኩ። የድሬዳዋ ሰዎች ሁመር የሚሉትን ፍሬ ዘፍዝፎ ጨምቆ፣ ውሃውን በጨው፣ በቲማቲምና በቅመሙ ዱቄት የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋ ማፍላት ነው። ከዚያ ቱር የሚባለው ቢጫ ክክ የተቀቀለበት ውሃ ይጨመርና፣ አረፋው ከዳር ከዳር ተነሥቶ መሐል ሲደርስ ከእሳት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ከተንተከተከ መዓዛው ይጠፋል። በመጨረሻ በትንሽ መጥበሻ ንጥር ቅቤ፣ ሰናፍጭ፣ የካሪ ቅጠልና ቁንጥር ሂንግ ተጠብሶ ከላይ ይደፋል። ሂንግ የደረቀ የተክል ሙጫ ነው፤ ጥሬውን ሲያሸቱት ይከረፋል፣ ትኩስ ቅቤ ሲነካው ግን ሽንኩርት የገባበት ያህል ያውዳል። እጄ ሦስት ጊዜ ወደ ሽንኩርቱ ሄዶ ተመለሰ። ስቀምሰው ከቁሌት ውጭም የጣዕም መሠረት እንዳለ ገባኝ። ያን ራሳም አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቼ ነው ገጹን የገለጥኩት።

ህንዳዊቷን ማዱር ጃፍሪንም ብዙ ሰው በምግብ ዝግጅት መጽሐፎቿ ያውቃታል። ከዴልሂ ለንደን ድራማ ልትማር ስትሄድ ግን ምግብ መሥራት አትችልም ነበር። እናቷ አሠራሩን በደብዳቤ እየጻፉ ላኩላት፤ የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ሚናክሺ አማል ሁሉ፣ እዚህም መነሻው በስም ለሚታወቅ ሰው የተጻፈ ነገር ነው። እናት ለልጇ ስትጽፍ «እንደተለመደው አድርጊ» ብላ አታልፍም፤ ልጇ የት ላይ እንደምትሳሳት ታውቃለችና።

መጽሐፍ የማይደርስበት ነገር የለም አልልም። ሰናፍጩ ይፈንዳ ይላል፤ እኔ ሁሉም እስኪፈነዳ ስጠብቅ ሁለት ጊዜ አሳረርኩት። ማሚ አጠገቤ ቆመው «በጆሮሽ ስሚው» አሉኝ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቀጥሎ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ድምፁ መሳሳት ሲጀምር ነው ቅጠሉ የሚገባው። ይህ ትምህርት የወሰደው አንድ ደቂቃ ነው። የቀረውን ሁለት ዓመት ያስተማረኝ መጽሐፉ ነው። ማሚ ራሳቸው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አግብተው ከእናታቸው ርቀው ካልካታ ሲሄዱ የተማሩት ከዚሁ ነው። በገጹ ዳር በእርሳስ የጻፉት ታሚልኛ አሁንም አለ፤ ራሳሙ ላይ ያለውን እሳቸው ሲያነቡልኝ «ለእንግዳ ሁመሩን ቀንሺ» ይላል።

ስለዚህ የህንድ የቤት ምግብ መማር ለሚፈልግ የምለው፣ የአንድ አካባቢ፣ ቢቻል የአንድ ቤት መጽሐፍ ይያዝና ከእሱ ጋር ይክረም። ሌላው ክፍለ አገር የትም አይሄድም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከዱባይ ደወለች። እዚያ ቱሩም ሂንጉም ትኩሱ የካሪ ቅጠልም ከህንዶቹ ሱቅ ይገኛል፤ ራሳም ልትሠራ ፈልጋለች። «ድንብላሉን ትንሽ አድርጊና...» ብዬ ጀመርኩ።

«ትንሽ ስንት ነው፣ አክስቴ?»

ቆይ አልኳትና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ስኒ ይዤ ወደ ድንብላሉ ሄድኩ።