ምስክሩን አትደብቀው

በዚህ ወር የምንመልሰው አንዲት እህት ከሰበታ የላከችልንን ጥያቄ ነው። ባለቤቷ የራጅ ባለሙያ ሲሆን ቀን ቡራዩ፣ ማታ ደግሞ ሱሉልታ በሚገኙ ሁለት ክሊኒኮች ይሠራል። እርሷ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ጨረሩን ወደ ቤት ያመጣብናል ብዬ ስለፈራሁ አልጋ ለይተናል። የጨረር መለኪያ ባጁን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ትቶት ይወጣል። ‹ቁጥሩ ከፍ ካለ ከሥራ እወጣለሁ› ይለኛል» ትላለች።

እህታችን ሆይ፣ በመጀመሪያ አትፍሪ። የራጅ ጨረር የሚኖረው መሣሪያው በሚያነሣበት ቅጽበት ብቻ ነው። እንደ አቧራ በልብስ ላይ አይቀርም፤ ከአባትም ወደ ጽንስ አይተላለፍም። ስለዚህ አልጋችሁን አንድ አድርጉ።

ባጁ ግን መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውነትን ሲያልፍም አይሰማም። ያለ መለኪያ ማን ያውቀዋል? ሃንስ ጋይገር ከራዘርፎርድ ጋር በ1908 እ.ኤ.አ. የሠራው ዓይነት መለኪያ ጋዝ ያለበት ቱቦ ነው። ጨረር ሲገባ ከጋዙ አተሞች ኤሌክትሮን ይነቅላል፤ ይህም የኤሌክትሪክ ምት ይሆንና ይቆጠራል። ባጁ ግን ዝምተኛ ነው። በብዙዎቹ ባጆች ውስጥ ሊቲየም ፍሎራይድ የሚባል ትንሽ ክሪስታል አለ። ጨረር ሲያገኘው ጥቂት ጉልበት ይዞ ያስቀምጣል። በኋላ በላቦራቶሪ ሲሞቅ ያስቀመጠውን በብርሃን መልክ ይለቃል። ብርሃኑ በበዛ መጠን ባለሙያው የተቀበለው ጨረርም በዝቷል ማለት ነው።

ወንድማችን ሆይ፣ ባጁ ጋሻ አይደለም፤ ምስክር ነው። ምስክሩን ብትደብቀው ጨረሩ አይቀንስልህም። ለባለሙያዎች የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። የሚቆጠረውም የሁለቱ ክሊኒኮች ድምር ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ መሥራትህን ለኃላፊዎችህ ንገር፤ በሁለቱም ቦታ ባጅ ይኑርህ። አገራችን ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የጨረር መከላከያ አዋጅ አላት። ቁጥሩ ከፍ ካለ መከለያው፣ የእርሳስ ሽርጡና አሠራሩ ይመረመራል። የባጁ ዓላማ አንተን መቅጣት ሳይሆን ለልጅህ አባቱን ማቆየት ነው።

ዳዊት በመዝሙር 139 እግዚአብሔር ልቡን እንዲመረምርለት ራሱ ለመነ። መመርመርን የማይሸሽ ሰው በሰላም ያድራል። ነገ ጠዋት ስትወጣ ባለቤትህ ባጁን በገዛ እጇ ደረትህ ላይ ታድርግልህ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!